ከጓሮ የተነሡ የሰማይ ፎቶግራፎች፤ ስለ አነባበባቸው የቀረበ ሂስ

ባለፈው ኅዳር አንድ ማታ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ወላጆቻቸውን አስፈቅጄ ስምንት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎችን በትምህርት ቤታችን የእግር ኳስ ሜዳ ላይ ሰበሰብኩ። መሣሪያችን አንድ አሮጌ ባለ ሁለት ዐይን የርቀት መነጽር ነበር። ፊታችንን ወደ ሰሜን አዙረን፣ አንገታችንን ቀና አድርገን፣ ተራ በተራ የአንድሮሜዳን ጋላክሲ አየን። ተራዋ የደረሰ አንዲት ልጅ መነጽሩን ካስጠጋች በኋላ መልሳ አነሣችው፤ መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ እንደገና አየች። ከዚያም «ቲቸር፣ ያሉን ይኸ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ልጅቱ ያዘነችበት ምክንያት አልጠፋኝም። በክፍላችን ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት የአንድሮሜዳ ፎቶግራፍ ሰማያዊና ሐምራዊ ክንዶቹን ዘርግቶ፣ መሐሉ እንደ ወርቅ እያበራ ዓመቱን ሙሉ ሲያያት ከርሟል። በመነጽሩ ያገኘችው ግን መስታወት ላይ የቀረ የትንፋሽ ዱካ የመሰለ፣ ዳርቻው የማይታወቅ ግራጫ ነገር ነው። «ታዲያ ግድግዳው ላይ ያለው ውሸት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «ካሜራ ከዐይን ይበልጣል» ብዬ አለፍኩት። ቤቴ ገብቼ ሳስበው መልሴ መልስ አለመሆኑ ገባኝ። ካሜራ በምን ይበልጣል? የሚበልጠውስ እውነቱን በማሳየት ነው ወይስ በማሳመር?

በእኛ መጽሔቶች ልብ ወለድ፣ ተውኔትና ግጥም ሲተቹ፣ አንዳንዴም የመማሪያ መጽሐፍ ሲነቀፍ ማንበብ የተለመደ ነው። የሰማይ ፎቶግራፍ ግን ለሂስ የሚቀርብ ነገር ተደርጎ አይታሰብም፤ ይደነቅና ይለጠፋል እንጂ። እኔ ግን ፎቶግራፍም እንደ ድርሰት ሠሪ አለው፣ የተመረጠ ነገር አለው፣ የተተወ ነገር አለው፣ ስለዚህም ሊተች ይገባዋል ባይ ነኝ። ለዚህም በሞያቸው የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ያልነበሩ ሰዎች፣ ማለት አማተሮች፣ ያነሡአቸውን ጥቂት ፎቶግራፎች ወስጃለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሰሌዳው ነው። ከ1850ዎቹ አንሥቶ ይሠራበት የነበረው እርጥብ የመስታወት ሰሌዳ ሳይደርቅ ፎቶግራፉ ተነሥቶ ማለቅ ነበረበት፤ ጊዜውም ከሩብ ሰዓት እምብዛም አያልፍም። ለጨረቃና ለደማቅ ከዋክብት ይህ ይበቃል፤ ለደብዛዛ ኔቡላ ግን አይበቃም። በ1871 ሪቻርድ ማዶክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ደረቅ የጄላቲን ሰሌዳ የሚሠራበትን ዘዴ ሲያሳውቅ የሰማይ ፎቶግራፍ በር ተከፈተ። ደረቁን ሰሌዳ ከቴሌስኮፑ ጀርባ አድርጎ አንድ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም መጠበቅ ይቻላልና። ሄንሪ ድሬፐር የተባለው አሜሪካዊ፣ እርሱም በትምህርቱ ሐኪም ነው፣ በ1880 መስከረም ወር መጨረሻ ላይ በቤተሰቡ ርስት ላይ ባሠራው ኦብዘርቫቶሪ የኦርዮንን ኔቡላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶግራፍ አነሣ። ለአንድ ሰዓት ጥቂት የጎደለ ጊዜ ፈጅቶበታል።

ከርሱ የተሻለውን ሥራ የሠራው ግን አንድሩ ኤንስሊ ኮመን ነው። ኮመን የፍሳሽና የንጽሕና መሐንዲስ ነበር። ከለንደን በስተ ምዕራብ ኢሊንግ በሚባለው ሰፈር፣ በቤቱ የአትክልት ቦታ፣ ወርዱ 91 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ ተከለ። በጥር 30 ቀን 1883 ለ37 ደቂቃ ያህል ሰሌዳውን ከፍቶ ያነሣው የኦርዮን ኔቡላ ፎቶግራፍ በማግሥቱ ዓመት የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ማኅበርን የወርቅ ሜዳይ አስገኝቶለታል። የዚህ ፎቶግራፍ ታላቅነት ማማሩ አይደለም። በዚያው ቴሌስኮፕ በዐይን ሲታይ የማይገኙ ከዋክብት በሰሌዳው ላይ ተገኙ። ከዚያ በፊት ኔቡላ በእጅ ይሣል ስለነበረ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ማታ የሣሉት እንኳ አይመሳሰልም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሌዳው ከተመልካቹ ቀድሞ አየ ማለት ነው።

ጉድለቱም አብሮ መነገር አለበት። ደብዛዛውን ዳርቻ ለማውጣት የተጠበቀው 37 ደቂቃ ደማቁን መሐል አቃጥሎታል። ያንን ስፍራ የእጅ ሥዕሎች ይበልጥ ዘርዝረው ያሳያሉ። እንግዲህ አንድ ፎቶግራፍ ሁሉን እኩል ሊናገር እንደማይችል ገና ከጥዋቱ ታይቷል። ዳሩን የመረጠ መሐሉን ያጣል። (ቴሌስኮፑ በኋላ ኤድዋርድ ክሮስሊ ለተባለ ሰው ተሸጠ፤ ክሮስሊም በ1895 ካሊፎርኒያ ለሚገኘው ሊክ ኦብዘርቫቶሪ ሰጠው። ከአትክልት ቦታ ተነሥቶ ተራራ ላይ የወጣ መስታወት ነው።)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። አይዛክ ሮበርትስ የዌልስ ተወላጅ ሲሆን በሊቨርፑል ከተማ ሕንጻ በማሠራት የከበረ ሰው ነው። ማጉል በሚባለው የሊቨርፑል አካባቢ በቤቱ ወርዱ 51 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ አቆመ። በዚያው ማቆሚያ ላይም ሁለተኛ ቴሌስኮፕ አጋደመበት፤ አንዱ ፎቶግራፍ ሲያነሣ በሌላው እርሱ ራሱ መሪ ኮከብ ይጠብቃል። ይህ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ መሬት በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ሰማዩ ከፊታችን ይሸሻል። ቴሌስኮፑን የሚያዞር የሰዓት ሞተር ቢኖርም ፍጹም ስላልሆነ፣ ኮከቡ ከመስቀለኛው ክር ፈቀቅ ባለ ቁጥር በእጅ መመለስ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር ታኅሣሥ ወር፣ በክፍት ጣራ ሥር፣ ለሰዓታት ያህል ዐይንን ከአንድ ኮከብ ላይ ሳይነቅሉ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምተው።

በታኅሣሥ 29 ቀን 1888 ያነሣው የአንድሮሜዳ ፎቶግራፍ ዛሬም ሲያዩት ያስገርማል። ከርሱ በፊት አንድሮሜዳ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንም። አል ሱፊ የተባለው ፋርሳዊ ሊቅ በ964 ገደማ «ትንሽ ደመና» ብሎ መዝግቦታል። በ1847 ጆርጅ ቦንድ የተባለው አሜሪካዊ በትልቅ ቴሌስኮፕ ተመልክቶ ሁለት ቀጥ ያሉ ጥቁር ቦዮች ስሏል። ቦንድ ጥሩ ተመልካች ነበር፤ ቦዮቹም አሉ። ነገር ግን የነገሩን ጥቂት ክፍል ብቻ ስላየ ትርጉሙ አልተገለጠለትም። በሮበርትስ ሰሌዳ ላይ የቦንድ ቦዮች ወደ ውስጥ የሚጠመዘዙ ክንዶችን የሚለያዩ ክፍተቶች ሆነው ተገኙ። ደመናው መልክ አወጣ፤ ጠምዛዛ ነው።

እዚህ ላይ የሮበርትስን ሥራ እንደ ሥዕል ብቻ ብተች አንድም ነቀፋ የለኝም። ቀለም የለው፣ ጌጥ የለው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጥቁሩም ጥቁር፣ ነጩም ብርሃን ነው። ሰሌዳው ያልተቀበለውን አልጨመረም። ቴሌስኮፑ ምን ያህል እንደሆነ፣ ሰሌዳው ስንት ጊዜ እንደ ተከፈተ፣ በየትኛው ቀን እንደ ተነሣ መዝግቦ አሳትሟል። በ1895 የወርቁ ሜዳይ ለርሱም ደርሶታል፤ ይገባዋል።

ነቀፋው የሚመጣው ከአነባበቡ ነው። ሮበርትስ በፎቶግራፉ ላይ ያየው አንድ የፀሐይ ሥርዓት ሲወለድ ነው። ላፕላስ በ1796 ባቀረበው አሳብ መሠረት፣ ፀሐይና ፕላኔቶቿ የሚሽከረከር ጉም ቀስ በቀስ ሲሰበሰብ የተገኙ ናቸው። ሮበርትስም ጠምዛዛውን ደመና አይቶ «ይኸው» አለ። ከትልቁ ደመና አጠገብ የሚታዩትን ሁለት ትናንሽ ደመናዎችም ፕላኔት ለመሆን እንደ ተቃረቡ ነገሮች ቆጠራቸው። አሳቡ የሞኝ አሳብ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1885 ነሐሴ ወር፣ በዚያው በአንድሮሜዳ መሐል አንድ ኮከብ ድንገት በርቶ፣ በመነጽር ያለ ችግር እስኪታይ ደምቆ፣ መልሶ ጠፍቷል። ደመናው እጅግ ሩቅ ቢሆን ኖሮ አንድ ኮከብ ብቻውን ይህን ያህል ብርሃን ከየት አመጣ? ስለዚህም ቅርብ ነው ተባለ። ሱፐርኖቫ የሚባል ነገር መኖሩን በዚያን ጊዜ ማንም አያውቅም ነበር።

ስሕተቱ የታወቀው ርቀቱ ሲለካ ነው። መለኪያውም የተገኘው በአማተር ነው። በ1784 እንግሊዝ አገር ዮርክ ከተማ ውስጥ ጆን ጉድሪክ የተባለ መስማት የተሳነው የሃያ ዓመት ወጣት፣ በሴፊየስ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ያለ አንድ ኮከብ በአምስት ቀን ከጥቂት ሰዓት አንዴ እየደመቀ አንዴ እየደበዘዘ እንደሚመላለስ አስተዋለ። እንዲህ ያሉ ከዋክብት ሴፌይድ ተባሉ። በ1912 ሄንሪየታ ሌቪት የተባለችው አሜሪካዊት፣ የሴፌይድ ምልልስ በረዘመ መጠን እውነተኛ ብርሃኑ ኃይለኛ መሆኑን አረጋገጠች። እውነተኛ ብርሃኑ ከታወቀ፣ ከዚህ ሆነን ከምናየው ብርሃን ጋር አስተያይቶ ርቀቱን ማውጣት የፊዚክስ ተማሪ ሥራ ነው፤ ብርሃን በርቀት ካሬ ይቀንሳልና። በ1923 ጥቅምት ወር ኤድዊን ሀብል በ2.5 ሜትሩ ቴሌስኮፕ ባነሣው የአንድሮሜዳ ሰሌዳ ላይ አንድ ሴፌይድ አገኘ። ያወጣው ርቀት ወደ 900 ሺሕ የብርሃን ዓመት ነበር። ዛሬ የሚታመነው 2.5 ሚሊዮን ያህል ነው። በየትኛውም ቢሆን ከእኛ ፍኖተ ሐሊብ ውጭ ነው። አንድሮሜዳ ራሱን የቻለ የከዋክብት አገር እንጂ የሚወለድ የፀሐይ ሥርዓት አልነበረም።

በነገራችን ላይ፣ በግሪኮች አፈ ታሪክ ሴፊየስ የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ካሲዮፒያ ንግሥቲቱ፣ አንድሮሜዳ ደግሞ ልጃቸው ናቸው። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ ደስታቸውንም አልነሣቸውም። ሆኖም ግሪኮች በዚያ ስም የጠሩት ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን አገር በጅምላ ስለነበረ፣ ነገሩን ከሚገባው በላይ አንዘርጋው። እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ የልጅቱ ርቀት በአባቷ ኮከብ ስም በተጠራ መለኪያ መታወቁ ነው።

ወደ ሂሱ ልመለስ። የሮበርትስ ፎቶግራፍ ከ1923 በፊትም ሆነ በኋላ ያው ነው፤ አንድም ነጥብ አልተለወጠበትም። የተለወጠው ከሥሩ የሚጻፈው ጽሑፍ ነው። ለልጅቱ ልመልስላት ይገባ የነበረውም ከዚህ ይጀምራል። «ውሸት ነው ወይ» ተብሎ ሊጠየቅ የሚገባው ሥዕሉ ብቻውን ሳይሆን ሥዕሉ ከነመግለጫው ነው።

እንግዲህ ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። በ2022 ሦስት አማተሮች፣ ማርሴል ድሬክስለር ከጀርመን፣ ዣቪየ ስትሮትነርና ያን ሴንቲ ከፈረንሳይ፣ ስለ አንድሮሜዳ አንድ ያልታሰበ ነገር አገኙ። ሴንቲ በፈረንሳይ ናንሲ ከተማ አጠገብ ወርዱ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ፣ ይኸውም ከሮበርትስ መስታወት አንድ አምስተኛ በሆነ መሣሪያ፣ በብዙ ሌሊቶች በጠቅላላው ከ100 ሰዓት በላይ ብርሃን ሰበሰበ። ምስሎቹ ሲደመሩ ከጋላክሲው በስተ ደቡብ ምሥራቅ አንድ ሰፊ ሰማያዊ ቅስት ወጣ። ርዝመቱ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ነው፤ ሦስት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደር ይሞላዋል። በብዙ ሺሕ ቴሌስኮፖች የታየ፣ በምድር ላይ ካሉ ጋላክሲ ወዳጆች ሁሉ ካሜራ ፊት ያለፈ ሰማይ ነው። ቅስቱን ያየ ግን አልነበረም። ግኝቱ በ2023 ጥር ወር ታተመ፤ ፎቶግራፉም በዚያው ዓመት የግሪንዊች ኦብዘርቫቶሪ በሚያዘጋጀው የሥነ ፈለክ ፎቶግራፍ ውድድር አንደኛ ወጣ።

እንዴት ሳይታይ ቀረ? ቅስቱ የሚያበራው በአንድ ጠባብ የብርሃን ዓይነት፣ በ500.7 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ብቻ ነው። ሌላውን ብርሃን ሁሉ የሚከለክል ማጣሪያ አድርጎ እጅግ ብዙ ሰዓት ያልጠበቀ ሰው ሊያገኘው አይችልም። ይህች የብርሃን መሥመር ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት። በ1864 ነሐሴ ወር ዊልያም ሀጊንስ የተባለው እንግሊዛዊ፣ የሐር መደብሩን ሸጦ በለንደን ደቡብ በቤቱ የአትክልት ቦታ ኦብዘርቫቶሪ የሠራ ሰው፣ የአንድ ትንሽ ኔቡላን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ ሲመለከት በቀስተ ደመና ፈንታ ጥቂት አረንጓዴ መሥመሮች ብቻ አየ። ኔቡላው ጋዝ መሆኑን በዚህ አወቀ። የመሥመሮቹ ባለቤት ግን አልታወቀም፤ ስለዚህም ኔቡልየም የሚባል አዲስ ንጥረ ነገር ነው ተብሎ ለስድሳ ዓመት ያህል ተቆየ። በ1927 አይራ ቦወን መሥመሮቹ ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን እጅግ በሳሳ ጋዝ ውስጥ ሲገኝ የሚሰጣቸው መሆናቸውን አስረዳ። ኔቡልየም የሚባል ነገር አልነበረም፤ የምንተነፍሰው ኦክስጅን ነው። እነሆ በ2022 ሦስቱ ሰዎች ቅስቱን ያገኙት ሀጊንስ ከአትክልት ቦታው ካያቸው መሥመሮች በደማቋ ነው።

ስለ ሰዓቱም አንድ ነገር ልጨምር፤ የሒሳብ መምህራን ይጠቅማቸዋል። አንድ ምስል ላይ ደብዛዛው ብርሃን በአሸዋ መሰል ዝብርቅርቅ ተውጦ አይታይም። 100 ምስል አንሥተን ስንደምር እውነተኛው ብርሃን 100 ጊዜ ያድጋል፤ ዝብርቅርቁ ግን አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ እየሳበ ስለሚጣፋ በ10 ጊዜ ብቻ ያድጋል፤ የ100 ካሬ ሥር 10 ነውና። ስለዚህ ብርሃኑ ከዝብርቅርቁ አንጻር በ10 እጥፍ ጎልቶ ይወጣል። የዘመናችን አማተር ሌሊቱን የሚያባክነው ለዚህች ካሬ ሥር ነው።

አሁን ይህን ፎቶግራፍ እንተቸው። በቅድሚያ የሚመሰገነውን ላመስግን። ሰዎቹ ያዩትን ነገር ወዲያው አላመኑም። የሌንስ ነጸብራቅ ወይም የመሣሪያ ጉድለት እንዳይሆን መረመሩ፤ ሌሎች ሰዎችም በሌላ መሣሪያ፣ በሌላ ስፍራ ሆነው ያንኑ ቅስት አገኙት። የተጠቀሙበትን መሣሪያ፣ ማጣሪያና ጊዜ ገለጡ። ይህ የሮበርትስ ጨዋነት ነው።

ነገር ግን ፎቶግራፉ ውድድር ሲያሸንፍና በየስልኩ ሲዞር አንድ ነገር ከላዩ ተገፍፎ ይቀራል። ጋላክሲውና ቅስቱ በአንድ የብርሃን ሚዛን ላይ አይደሉም። ቅስቱ ከጋላክሲው ጋር ሲነጻጸር እጅግ በጣም ደብዛዛ ነው፤ እንዲታይ ተብሎ ለብቻው ተጎትቷል። በአንድ ስብሰባ ላይ የአንዱን ጩኸት ቀንሶ የሌላውን ሹክሹክታ አጉልቶ እንደ መቅረጽ ያለ ነው። የተነገረው ሁሉ በእርግጥ ተነግሯል፤ የድምፁ መጠን ግን እንደዚያ አልነበረም። ይህን የማያውቅ ተማሪ ሥዕሉን ሲያይ፣ ሰማይ ላይ በጋላክሲው አጠገብ ሰማያዊ ጨርቅ ተሰቅሎ የሚያገኝ ይመስለዋል። ቀለሙም ቢሆን የሠሪው ምርጫ አለበት። ይህ ብርሃን በተፈጥሮው ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ መሐል ይወድቃል፤ ከሃይድሮጅን ቀይ እንዲለይ ግን ጥርት ያለ ሰማያዊ ተደርጓል። ይህን ማድረግ ነውር አይደለም። የካርታ ሠሪ ቆላውን አረንጓዴ ደጋውን ቡናማ ቀብቶ ከጥጉ መፍቻ ያደርግለታል፤ ማንም ውሸታም አይለውም። ቅሬታዬ መፍቻው ስለሚቀር ነው።

የቅስቱ አነባበብ ደግሞ ገና አልለየለትም። ቅስቱ በአንድሮሜዳ አጠገብ በ2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ያለ ነው? ወይስ በእኛው ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ያለና በአጋጣሚ ከፊቱ የወደቀ ጋዝ? ሊቃውንቱ ይከራከሩበታል። ፎቶግራፍ ጠፍጣፋ ስለሆነ ቅርቡንና ሩቁን በአንድ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ ሮበርትስን ያሳሳተውም ይኸው ነው። ተማሪዎቻችን በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ክርክር ሳይዘጋ ማየት መቻላቸውን እንደ ዕድል እቆጥረዋለሁ። በመጽሐፍ የምናስተምራቸው ክርክር ሁሉ ያለቀ ነውና።

ከዚህ ጋር የማላነጻጽረው፣ ነገር ግን ሳላነሣው የማላልፈው ሌላ ዓይነት ፎቶግራፍ አለ። በ2023 አንድ ሰው የጨረቃን ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ሆን ብሎ አደብዝዞ፣ ጉድጓዶቿ ሁሉ እስኪጠፉ ካደረገ በኋላ፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ ከሩቅ ሆኖ በአንድ የታወቀ ኩባንያ ስልክ አነሣው። ስልኩም ጉድጓዶች ያሉባት ጥርት ያለች ጨረቃ አወጣ! ኩባንያው ኋላ እንዳስረዳው፣ ስልኩ ጨረቃን ለይቶ ሲያውቅ ከብዙ የጨረቃ ምስሎች የተማረ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዝርዝሩን ያጎላዋል። እንግዲህ ልዩነቱን እዩት። ሴንቲ ከ100 ሰዓት በላይ ጠብቆ የደረሰውን ብርሃን አጎላ፤ ስልኩ ያልደረሰውን ብርሃን ጨመረ። ሁለቱም «ተቀነባብሯል» ይባላሉ። ቃሉ አንድ ሆኖ ሥራው ግን የተለያየ ስለሆነ፣ ተማሪ ሁሉንም «ፎቶሾፕ ነው» ብሎ በአንድ ከረጢት ቢከት አይፈረድበትም፤ የሚያስተምረው ካጣ ማለቴ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ? በእንጦጦ ተራራ አንድ ሜትር ወርድ ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች መኖራቸው የታወቀ ነው። ሁላችንም ግን ተማሪ ይዘን እንጦጦ መውጣት አንችልም። አንዳንድ ባልደረቦቼ «መሣሪያ ሳይኖረን» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግማሹን። ክረምቱ በደመና ያልፋል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ሰማያችን ግን ብዙ አገር የሚመኘው ነው፤ በተለይ መብራት ካልበዛበት ከተማ ዳር። የሚያስፈልገው አንድ ስልክና ስልኩን የሚደግፍ ድንጋይ ነው። በታኅሣሥ ማታ ስልኩን ወደ ኦርዮን ሦስት ተከታታይ ከዋክብት አዙሩና አንድ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ሳትነኩት 11 ደቂቃ ቆዩና ሌላ አንሡ። ሦስቱ ከዋክብት ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.7 ዲግሪ ያህል ናቸው፤ መሬትም በ11 ደቂቃ ውስጥ ያንኑ ያህል ትዞራለች። ስለዚህ በሁለተኛው ምስል እያንዳንዱ ኮከብ በሦስቱ ከዋክብት ርዝመት ልክ ተዛውሮ ይገኛል። በማስመሪያ ለክታችሁ አረጋግጡት። ሮበርትስ በእጁ ሲታገላት የነበረችው የመሬት ዙረት ናት።

የዚያን ማታ ልጆች ይህን ሠርተዋል። ከዚያ በኋላ አንድ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፦ በግድግዳችን ላይ ላለው የአንድሮሜዳ ፎቶግራፍ መግለጫ ጻፉ፤ ማን አነሣው፣ በምን መሣሪያ፣ ለስንት ሰዓት፣ ቀለሙ ከየት መጣ፣ በዐይን ሲታይ ምን ይመስላል። አብዛኞቹ ከኢንተርኔት ያገኙትን የሌላ ፎቶግራፍ መግለጫ ገለበጡ። ያቺ በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን የጠረገች ልጅ ግን ከሥዕሉ ሥር የለጠፈችው ወረቀት እንዲህ ይላል፦

«ይህ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ፎቶግራፍ ነው። ያነሣው ሰው ስም አልተጻፈም። ካሜራው ክፍት የቆየው ለ....... ሰዓት ነው። ቀለሙ እንዲጎላ ተደርጓል። እኛ በኅዳር በመነጽር ስናየው ግራጫ ነበር።»

ነጥብ ነጥቡ እስካሁን አልተሞላም። ሥዕሉን ያሳተመው ድርጅት ሰዓቱን አልጻፈውም።